ከቆዩ በኋላ መናዘዝ፦ ከቤት ጀምሮ እስከ መመለሻው

ዘጠኝ ዓመት ሳልናዘዝ ቆየሁ። የተለየ ከባድ ነገር ሠርቼ አልነበረም። እምነቴንም አልተውኩም። እሑድ እሑድ ቅዳሴ እገባለሁ፤ ሌሎቹ ለቁርባን ሲሰለፉ እኔ ወንበሬ ላይ እቀራለሁ። ያስቀረኝ አባባሉ ስለጠፋኝ ነው። በልጅነቴ ያጠናሁት ጸሎት ከግማሽ በላይ ተረስቶኛል። "ምን ብዬ እጀምራለሁ?" የምትል አንዲት ጥያቄ ሁለት ጊዜ ከመናዘዣው ደጃፍ መልሳኛለች።

በሦስተኛው ገባሁ። "አባ፣ አጀማመሩን ረስቼዋለሁ" አልኩ። ካህኑም "እንኳን በደኅና መጣሽ ልጄ። ይኸው ጀመርሽ እኮ" አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ያኔ እንደ እኔ ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ነው። የጻፍኩት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የላቲኑን (የሮማውያኑን) ሥርዓት ተከትዬ ነው። በምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊካውያን ዘንድ የጸሎቱ ቃልና አቀራረቡ ሊለይ ይችላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ምን ሊያደርጉ እንደሚሄዱ ይወቁ

ኑዛዜ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። ሰው ከመሞቱ በፊት ንብረቱን ለማን እንደሚተው የሚናገረው ኑዛዜ ነው። ኃጢአትን ለካህን መናገርም ኑዛዜ ነው። ለዚህ ይሆናል ቃሉ ሲነሣ ብዙዎቻችን የሞት አልጋ የሚታየን። ሥሩ ግን ሌላ ነው። በግእዝ "ናዘዘ" ማለት አጽናና ማለት ነው፤ "ናዛዚ" ደግሞ አጽናኝ። ስለዚህ "ተናዘዘ" በሚለው ውስጥ "ተጽናና" አለ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ወደ መናዘዣው ስሄድ ወደ ችሎት የምሄድ አይመስለኝም።

ቤተ ክርስቲያን ንስሐን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ ትይዛለች። መሠረቱ ክርስቶስ ከትንሣኤው በኋላ ለሐዋርያት የተናገረው ቃል ነው፦ "ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል፤ የያዛችሁባቸው ተይዞባቸዋል።" በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ይገኛል። ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ነው። ካህኑ በክርስቶስ ስም ያገለግላል እንጂ ከራሱ ኪስ አውጥቶ የሚሰጠው ምሕረት የለውም።

"ታዲያ ለምን በቀጥታ ለእግዚአብሔር አልናገርም?" ይላል ሰው። በቀጥታም ይናገሩ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት በየቀኑ ቢናገሩ መልካም ነው። ግን ክርስቶስ ይህን ሥልጣን ለሰዎች የሰጠው እንዲያገለግሉበት ነው። ሌላም ነገር አለ። ኃጢአት የእኔና የእግዚአብሔር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አብረውኝ የሚያምኑትንም ይጎዳል። ስለዚህ ዕርቁ ከቤተ ክርስቲያንም ጋር ነው። ደግሞም ሰው ነን። "ተፈትተሃል" የሚለውን ቃል በገዛ ጆሯችን መስማት ያስፈልገናል። ለራሴ ይቅር የተባልኩ መስሎኝ ስንት ሌሊት ተጠራጥሬ እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በምሥጢሩ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ። ሦስቱ የእርስዎ ድርሻ ናቸው፦ መጸጸት፣ መናገርና መካስ። አራተኛው የካህኑ ነው፤ እሱም መፍታት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእነዚህ የአራቱ ዝርዝር ነው።

2. ቦታና ሰዓት

ብዙ ቁምስናዎች (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት) የኑዛዜ ሰዓት ይመድባሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ወይም ከቅዳሴ በፊት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ያንብቡ ወይም ሰው ይጠይቁ። ብዙ ዓመት የቆዩ ከሆነ ግን እኔ የምመክረው ቀጠሮ መያዝ ነው። ከኋላ ሰልፍ ሲኖር ሰው ይቸኩላል። "አባ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ መናዘዝ እፈልጋለሁ፤ ትንሽ ጊዜ ይኖርዎታል?" ማለት ይበቃል። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

የሚያውቅዎት ካህን ዘንድ መሄድ ግዴታ አይደለም። ኑዛዜ የመስማት ሥልጣን ያለው ማንኛውም ካህን ይበቃል፤ ሌላ ቁምስና መሄድም ነውር የለውም። ፊት ለፊት መቀመጥ ካሳፈረዎት በፍርግርግ ተጋርዶ መናገር ይቻላል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ራሱ መናዘዣ ቦታዎች ፍርግርግ እንዲኖራቸው ያዝዛል፤ የፈለገ ምእመን እንዲጠቀምበት ነው።

በስልክ፣ በመልእክት ወይም በቪዲዮ መናዘዝ አይቻልም። ካህኑን በስልክ ማማከር ይቻላል፤ ምሥጢሩ ግን በአካል መገኘትን ይጠይቃል።

3. ኅሊናን መመርመር

ጊዜዎን እዚህ ላይ ያውጡ። ውስጥ የሚቆዩት አሥር ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ ዝግጅቱ ግን አንድ ጸጥ ያለ ምሽት ይገባዋል።

በጸሎት ይጀምሩ። "መንፈስ ቅዱስ ሆይ፣ ራሴን አንተ በምታየኝ ዓይን አሳየኝ" ብለው። ይህ ለወግ ያህል የሚባል አይደለም። ብቻችንን ራሳችንን ስንመረምር ከሁለት አንዱ ላይ እንወድቃለን፤ ወይ ሁሉንም እናቃልላለን፣ ወይ ሁሉንም እናከብዳለን።

ከዚያ አሥርቱን ትእዛዛት አንድ በአንድ ይውሰዱ። በእያንዳንዱ ላይ ቆም ብለው ሕይወትዎን ይጠይቁ። ከእግዚአብሔር በላይ ያስቀደምኩት ነገር አለ? ስሙን በከንቱ ጠርቻለሁ? እሑድን ያለ በቂ ምክንያት ከቅዳሴ ቀርቻለሁ? ወላጆቼን ችላ ብያለሁ? ሰው ጎድቻለሁ፣ ቂም ይዣለሁ? በሥጋዬ፣ በትዳሬ ታማኝ ነበርኩ? የሰው ገንዘብ ወስጃለሁ? ዋሽቻለሁ፣ የሰው ስም አጥፍቻለሁ? በሌላው ትዳርና ሀብት ተመኝቻለሁ? አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የካቶሊክ አቆጣጠር ከአንዳንዶቹ ይለያል። በእኛ ዘንድ "አታመንዝር" ስድስተኛው ነው። ሌላ መጽሐፍ ይዘው ከመጡ ቁጥሩ ግራ እንዳያጋባዎት።

ያደረጉትን ብቻ አይፈልጉ። ያላደረጉትንም ይፈልጉ። የታመመ ዘመድ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። መናገር ሲገባኝ ዝም ብያለሁ። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ዝርዝር ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የከበደኝ ያደረግሁት ሳይሆን ያልደወልኩለት ሰው ነበር።

አሁን ስለ ክብደት። ቤተ ክርስቲያን ኃጢአትን ሁለት አድርጋ ታያለች፦ ለሞት የሚያደርስ ከባድ ኃጢአትና ቀላል ኃጢአት። ከባድ የሚባለው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው። ነገሩ ራሱ ከባድ መሆኑ፣ ከባድ መሆኑን አውቆ ማድረግና በሙሉ ፈቃድ ማድረግ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ስሕተት ቢሆንም የዚያን ያህል አይከብድም። ከባዶቹን ሁሉ፣ ያስታወሱትን ያህል፣ በዓይነታቸውና በቁጥራቸው መናገር ግዴታ ነው። ቀላሎቹን መናገር ግዴታ አይደለም፤ ግን በጣም ይመከራል።

ቁጥሩን በትክክል ማን ያስታውሳል? ማንም። "በወር አንድ ሁለቴ፣ ለሦስት ዓመት ያህል" ካሉ በቂ ነው።

እረሳዋለሁ ብለው ከሠጉ በወረቀት ይጻፉ። ይዘውት ገብተው ቢያነቡ ማንም አይከለክልዎትም። እኔ በስልክ መጻፍን አልወድም። ወረቀት ይቀደዳል፤ ስልክ ላይ የጻፍነው ግን የት የት እንደሚቀመጥ አናውቅም። ሲወጡ ቀደው ይጣሉት።

በሌላ በኩል ደግሞ በየሰከንዱ ራሳቸውን የሚከስሱ ሰዎች አሉ። ሃያ ጊዜ ፈትሸው አሁንም የተረፈ ያለ ይመስላቸዋል። እርስዎ እንደዚያ ከሆኑ ምርመራዎን በሰዓት ይገድቡት፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዎታል። ይህንኑ ጭንቀትዎን ለካህኑ ይንገሩ፤ ሁልጊዜም ወደ አንድ ካህን ይሂዱ። እንዲህ ላለው ሰው ሌላ ረጅም የጥያቄ ዝርዝር መስጠት ማስጨነቅ ነው።

4. ጸጸት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እንባ ካልመጣለት ያልተጸጸተ ይመስለዋል። ጸጸት በመጀመሪያ የፈቃድ ነገር ነው። "ይህን ማድረጌ ክፉ ነበር፤ ባላደርገው እወድ ነበር፤ ከእንግዲህም ላላደርገው እፈልጋለሁ።" ይህን ከልብ ማለት ከቻሉ ተጸጽተዋል። እንባው ቢመጣ ጸጋ ነው፤ ባይመጣ አይጎድልዎትም።

ጸጸት ሁለት ዓይነት አለ። ሰው እግዚአብሔርን ከመውደዱ የተነሣ ሲያዝን ፍጹም ጸጸት ይባላል። ቅጣትን ፈርቶ ወይም ኃጢአቱ አስጠልቶት ሲያዝን ፍጹም ያልሆነ ጸጸት ይባላል። ሁለተኛውም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ለመናዘዝም ይበቃል። ስለዚህ "እኔ ሲኦልን ፈርቼ ነው እንጂ ፍቅር የለኝም" ብለው አይቅሩ። ፈርተውም ቢሆን ይምጡ።

"ነገ ደግሜ እንደምወድቅ አውቀዋለሁ፤ ታዲያ መናዘዜ ውሸት አይሆንም?" ይህን ጥያቄ ራሴም ጠይቄያለሁ። ላለመውደቅ መቁረጥና ፈጽሞ እንደማይወድቁ ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚጠየቁት የመጀመሪያውን ነው። ቁርጥ ሐሳብ ግን እጅና እግር ሊኖረው ይገባል። ማታ ማታ ብቻዬን ስሆን የምወድቅ ከሆነ፣ ማታ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። ከአንድ ሰው ጋር ስቀመጥ ሰው የማማ ከሆነ፣ ወሬውን እቀይራለሁ ወይም እነሣለሁ።

5. ውስጥ ሲገቡ

ይንበረከኩ ወይም ይቀመጡ። ካህኑ ሰላምታ ይሰጡዎታል። በመስቀል ምልክት ያማትቡና "በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም" ይበሉ። ካህኑ በእግዚአብሔር ምሕረት እንዲታመኑ አንድ ሁለት ቃል ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹም ከመጽሐፍ ቅዱስ አጭር ንባብ ያነባሉ። ከዚያ እርስዎ፦

"አባ፣ ኃጢአት ሠርቻለሁና ይባርኩኝ። ከተናዘዝኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።"

ጊዜውን መናገር ይጠቅማል። ካህኑ እንዴት እንደሚረዱዎት ያውቁበታል። ባለትዳር መሆንዎን ወይም ሥራዎን መግለጽ ለነገሩ የሚያስፈልግ ከሆነ እሱንም በአንድ ቃል ይጨምሩ። ከዚያ ኃጢአትዎን ይናገራሉ።

እንዴት? ስሙን ጠርተው። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ። ኃጢአት በስሙ ሲጠራ ያጥራል፤ ስሙን ስንሸሽ ደግሞ ታሪክ እየሆነ ይረዝማል።

"ጥሩ ሰው አልነበርኩም" ካሉ ምንም አልነገሩም፤ ማን ጥሩ ሰው አለ? "ለባለቤቴ ስለ ገንዘብ ዋሽቻለሁ፣ በወር ሁለት ሦስቴ" ቢሉ ግን ተናዝዘዋል። "አለቃዬ በጣም አስቸጋሪ ሰው ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ጠዋት እንዲህ ብሎኝ፣ እኔም..." እያሉ ቢቀጥሉ የሚናገሩት የእሱን ኃጢአት ነው። "አንድ ሰው በሰዎች ፊት ሰድቤ አዋርጃለሁ፣ አንድ ጊዜ" በቂ ነው። "ትንሽ ነገር ወስጃለሁ" ሲሉ ደግሞ "ትንሽ" የምትለዋ ቃል ጠበቃ ሆና ቆማለች ማለት ነው። "ከምሠራበት ቦታ ገንዘብ ሰርቄያለሁ፤ የአንድ ወር ደመወዜን ያህላል" ይበሉ። መጠኑ እዚህ ያስፈልጋል፤ ነገሩን ያከብደዋል፣ መመለስም ይኖራል።

የሌላ ሰው ስም አይጥሩ። አብሮዎት የነበረው ማን እንደሆነ ካህኑ ማወቅ አያስፈልጋቸውም፤ እንዲጠይቁም አይፈቀድላቸውም። የነገሩን ዓይነት የሚለውጥ ሁኔታ ካለ ግን ይናገሩ። ያዋረዱት እናትዎን ከሆነ "እናቴን" ይበሉ።

የሚያሳፍረውን በመጀመሪያ ይናገሩ። ወደ መጨረሻ ያቆዩት ነገር እየከበደ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ሳይነገር ይወጣል። አውቀው ከባድ ኃጢአት ከደበቁ ኑዛዜው አይጸናም፤ ሌላው የተናገሩትም አይፈታም። ቃሉ ጉሮሮ ላይ ከቀረ "አባ፣ ለመናገር ያቃተኝ ነገር አለ፤ ይርዱኝ" ይበሉ። በጥያቄ ያግዙዎታል። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" እንላለን። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር ቅዱስ ሄሮኒሞስም ተመሳሳይ ነገር ተናግሯል፤ ሕመምተኛው ቁስሉን ለሐኪሙ ለማሳየት ካፈረ ሕክምናው የማያውቀውን አያድንም ይላል። በ1551 የትሬንቶ ጉባኤ የተባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስለ ንስሐ ሲያስተምር ይህንኑ አባባሉን አንሥቶታል።

ካህኑን ማስደንገጥ የሚችሉ ከመሰለዎት አይጨነቁ። የፈረንሳይዋ የአርስ መንደር ቆሞስ (የቁምስናው ካህን) የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኒ ከ1818 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1859 ድረስ እዚያ አገለገለ። ሰው ከየአገሩ ይጎርፍ ስለነበር እስከ አሥራ ስድስት ሰዓት በቀን በመናዘዣ ውስጥ የተቀመጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። የሰው ኃጢአት በዓይነቱ ብዙ አይደለም። የእኔም የእርስዎም ከዚያ በፊት ተሰምቷል። ካህኑም ይናዘዛሉ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ይናዘዛሉ። በመጋቢት 2014 ያኔ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ፍራንቸስኮስ በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ሰው ሁሉ እያየ በአንድ ካህን ፊት ተንበርክከው ተናዝዘዋል።

ሲጨርሱ "ስለ እነዚህና ስላላስታወስኳቸው ኃጢአቶቼ ሁሉ ይቅርታ እለምናለሁ" ይበሉ። መጨረስዎን ካህኑ የሚያውቁት በዚህ ነው።

ካህኑ ለማንም ይናገሩ ይሆን?

አይናገሩም። ይህ ተስፋ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። የኑዛዜ ማኅተም ይባላል። ካህኑ የሰሙትን በቃልም፣ በምልክትም፣ በማንኛውም ምክንያት መግለጥ አይችሉም፤ ሕይወታቸውን ለማትረፍም ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ቢጠይቃቸውም። ማኅተሙን በቀጥታ የጣሰ ካህን በዚያው ቅጽበት ከቤተ ክርስቲያን ውግዘት ይወድቅበታል፤ ከዚያ ሊፈታው የሚችለው የሮም መንበር (የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ መንበር) ብቻ ነው። የሰሙትን እርስዎን በሚጎዳ መንገድ መጠቀምም ተከልክሏል፤ ምንም ባይናገሩም እንኳ። በ1393 በፕራግ ከተማ ቭልታቫ ወንዝ ውስጥ የተጣለው ቅዱስ ዮሐንስ ኔፖሙክ የንግሥቲቱን ኑዛዜ ለንጉሡ አልናገርም ስላለ ነው የሚል ትውፊት አለ። ካህናት ዛሬም እሱን የሚያስቡት በዚሁ ነው።

አስተርጓሚ ካስፈለገዎት ይፈቀዳል። እሱም ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

6. ምክርና ካሣ

ካህኑ ጥቂት ይመክሩዎታል፤ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ። ቀጥሎ የሚፈጽሙት ካሣ ይሰጡዎታል። ጸሎት ሊሆን ይችላል፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ፣ ምጽዋት ወይም ለተበደለ ሰው የሚደረግ መልካም ሥራ። ካሣው የይቅርታው ዋጋ አይደለም። ምሕረት በዋጋ አይገዛም። ኃጢአት ጠባሳ ይተዋልና ጠባሳውን ማከሚያ ነው።

የተሰጠዎትን መፈጸም የማይችሉ ከሆነ እዚያው ይናገሩ። "አባ፣ ማንበብ አልችልም" ወይም "ጤናዬ ጾም አይፈቅድልኝም" ቢሉ ይቀይሩልዎታል። ካልሰሙም ደግመው ይጠይቁ። ወጥተው "ምን ነበር ያሉኝ?" ብለው ከሚጨነቁ ይሻላል።

ካህኑ ቢቆጡስ? አልፎ አልፎ ይደርሳል። እኔም አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ሸሸሁ። መሸሽ አልነበረብኝም፤ ሌላ ካህን መፈለግ ነበረብኝ። ፍራንቸስኮስ በ2013 ለካህናት መናዘዣው የማሠቃያ ክፍል እንዳይሆን አደራ ብለው ጽፈዋል። አንድ ሰው ስላስከፋዎት ምሥጢሩን አይተዉ።

7. የጸጸት ጸሎትና ፍትሐት

አሁን ካህኑ የጸጸት ጸሎት እንዲያደርጉ ይጠይቁዎታል። በቃልዎ ካላጠኑ ወረቀት ላይ ይዘው ይግቡ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

"አምላኬ ሆይ፣ አንተን በመበደሌ ከልቤ አዝናለሁ። ኃጢአቴን ሁሉ እጠላለሁ። ቅጣትህን ስለምፈራ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ልትወደድ የሚገባህ ቸር አምላክ ስለሆንህ ነው። በጸጋህ ረዳትነት ዳግመኛ እንዳልበድልህ፣ ወደ ኃጢአት ከሚወስደኝም ነገር እንድርቅ ቁርጥ ሐሳብ አደርጋለሁ። አሜን።"

ይህም ከረዘመ "የእግዚአብሔር ልጅ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ኃጢአተኛ የሆንኩትን እኔን ማረኝ" ይበሉ። ይበቃል።

ካህኑ እጃቸውን ዘርግተው የፍትሐቱን፣ ማለትም ከኃጢአት የመፍቻውን፣ ጸሎት ይጸልያሉ። የምሕረት አባት የሆነው እግዚአብሔር በልጁ ሞትና ትንሣኤ ዓለምን ከራሱ ጋር እንዳስታረቀ፣ ለኃጢአትም ሥርየት መንፈስ ቅዱስን እንደላከ ያስባሉ። ይቅርታንና ሰላምንም ይለምኑልዎታል። በመጨረሻም "እኔም በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ከኃጢአትህ እፈታሃለሁ" ይላሉ። እዚህ ላይ ዝም ብለው ያዳምጡ። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት የጸጸት ጸሎቱን ያጉረመርማል፤ ለመስማት የመጣውን ቃል ሳይሰማ ይወጣል። ሲጨርሱ "አሜን" ይበሉ።

መፍታት የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። የሚፈታው የታሰረ ነው። ቋጠሮውም ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሞክሮ ያቃተው ነው።

ካህኑ "በሰላም ሂድ" ወይም "በሰላም ሂጂ" ይሉዎታል። አመስግነው ይውጡ።

8. ከወጡ በኋላ

ካሣውን ወዲያው ይፈጽሙት፤ ጸሎት ከሆነ ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይወጡ። ነገ የተባለ ካሣ ይረሳል።

የሰረቁትን ይመልሱ። መፈታትዎ ዕዳዎን አይሰርዝም። ባለቤቱ እንዳያውቅዎት ከፈለጉ በሌላ መንገድ ማድረስ ይቻላል፤ ባለቤቱ ከሌለ ለድሃ ይሰጣል። እንዴት እንደሚመልሱ ካህኑን እዚያው ያማክሩ። የሰው ስም ካጠፉ ደግሞ ባጠፉበት ሰው ፊት ያስተካክሉ። ይህ ከገንዘቡ ይከብዳል፤ እኔ አንዱን ለማስተካከል ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

አንድ ከባድ ኃጢአት ሳይናገሩ ረስተው ከወጡ አይሩጡ። አውቀው አልደበቁምና ከሌሎቹ ጋር ተፈትቷል፤ ቁርባንም መቀበል ይችላሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲናዘዙ "ባለፈው ረስቼው ነበር" ብለው ይጨምሩት። ተናዝዘው የተፈቱበትን ደግሞ በየጊዜው አያውጡት። እግዚአብሔር የዘጋውን ፋይል እኛ አንከፍትም።

በየስንት ጊዜው? በ1215 የላተራን አራተኛው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መናዘዝን ግዴታ አደረገ። ዛሬም ሕጉ ከባድ ኃጢአት ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲናዘዝ ያዝዛል። ከባድ ኃጢአት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሳይናዘዝ አይቆርብም፤ ከባድ ምክንያት ኖሮ ካህን ካላገኘ በቀር፣ ያኔም ፍጹም ጸጸት አድርጎና በተቻለ ፍጥነት ሊናዘዝ ቆርጦ ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው። ለእኔ ወር በወር ተስማምቶኛል። ወር ሲያልፍ ይረሳል፤ የተረሳው ደግሞ ልማድ ይሆናል።

ይህ አሠራር በጥንት እንዲህ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ምዕተ ዓመታት ለከባድ ኃጢአት የሚደረገው ንስሐ በአደባባይ የሚታይ፣ ረጅምና አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈቀድ ነበር። ሰው ከካህን ጋር ብቻውን ሆኖ በጸጥታ፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ እንዲናዘዝ ልማዱን ወደ አውሮፓ ያስፋፉት በ6ኛውና በ7ኛው ምዕተ ዓመት የአየርላንድ መነኮሳት ናቸው። በዕድሜ አንድ ጊዜ ብቻ የነበረውን እኛ በየወሩ አግኝተነዋል።

የታመመ ሰው ካለዎት እስኪደክም አይጠብቁ። መናገር እየቻለ ካህን ይጥሩለት። ልጆችም ከመጀመሪያ ቁርባናቸው በፊት ይናዘዛሉ። ሲወጡ ምን እንዳሉ አይጠይቋቸው፤ አቅፈው ብቻ ይቀበሏቸው።

አንድ ነገር ቀረ። ወረቀቱን ከቀደዱ በኋላ የዕለቱን ቀን የቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ኃጢአቱን ሳይሆን ቀኑን ብቻ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲገቡ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ "ከተናዘዝኩ ይህን ያህል ሆኖኛል" የሚል ነው፤ ያኔ እንደ እኔ በጣትዎ ዓመት አይቆጥሩም።